ቀዩ ሲሊንደር ተሰቅሏል፤ ወጥ ቤቱን ግን ማን አየው?

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ በተከፈተ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን ነበር። የእንጨት ወለል፣ የእንጨት ደረጃ፣ ደስ የሚል ቤት ነው። ድንገት ከወጥ ቤት ጩኸት ተሰማ። መጥበሻው ላይ ያለው ዘይት ተቀጣጥሏል። አንዷ ልጅ ውኃ የሞላ ጆግ ይዛ ስትሮጥ ዋናዋ ወጥ ሠሪ እጇን ያዘቻት፤ ምድጃውን አጥፍታም መጥበሻውን በክዳን ከደነችው። አለቀ። ሁሉም ወደ ምግቡ ተመለሰ።

ጆጉ ቢደፋ ኖሮስ? አንድ ሊትር ውኃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,700 ሊትር ገደማ ይሆናል። የሚነደውን ዘይት ይዞ ወደ ላይ ይፈነዳል፤ ከላይ ያለው ደግሞ የደረቀ እንጨትና ኮርኒስ ነው።

በሩ አጠገብ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። ፈቃድ ሲታደስ የሚታየው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ነበልባሉን ያጠፋል፣ ዘይቱን ግን አያቀዘቅዝም። ስለዚህ እንደገና ሊነሳ ይችላል። ለዘይት እሳት የተሠራ፣ ፈሳሽ ኬሚካል የሚረጭ ሌላ ዓይነት አለ። ስንቱ ወጥ ቤት ውስጥ አይታችኋል?

ቡታጋዙም ምድጃው ሥር ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ቀዳዳ ባለው የእንጨት ወለል ሥርም ይጠራቀማል። የጭስ መውጫው ውስጡ በቅባት ተለብጦ በጣሪያው እንጨት መሃል ያልፋል። ለጥቂት አምፖል በተዘረጋ ሽቦ ላይ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ይሰካል።

አሮጌ ቤት ሲነድ ምን እንደሚጠፋ አይተናል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ሄደ። ያን አዳራሽ የሚያውቅ ሰው ምን እንዳጣን አይነገረውም።

«አሮጌዎቹም የአዲስ ሕንፃ መስፈርት ያሟሉ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። መቶ ዓመት የሞላው ቤት ላይ ሁለተኛ ደረጃ መውጫና ከጣሪያ ውኃ የሚረጭ መስመር መጠየቅ ወይ ቤቱን ማዘጋት ነው፣ ወይ ጉዳዩን በጠረጴዛ ሥር ማስጨረስ። የማይፈጸም መስፈርት የሚጠቅመው ለዚሁ ብቻ ነው።

ግድግዳ ሳይነካ የሚሠራው ግን ብዙ ነው። ጋዙን ከወጥ ቤት አውጥቶ አየር በሚያገኝ የብረት ሳጥን ውስጥ መቆለፍ፣ የጭስ መውጫውን በየጊዜው ማጠብ፣ ትክክለኛውን ማጥፊያ መግዛት፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የጓሮ በር አለመዝጋት። ይህ ካልተሟላ ፈቃድ አይታደስ። ምንም ምሕረት አያስፈልገውም።

ከባዱ ሽቦውና የጭስ መስመሩ ነው። አከራይ «ሥራው ያንተ ነው» ይላል፤ ተከራይ «ቤቱ የኔ አይደለም» ይላል። የቀበሌ ቤት ወይም ቅርስ ከሆነ ደግሞ ያለፈቃድ ሚስማር አይመታም። በእኔ እምነት ወጪው የአከራዩ መሆን አለበት፤ መንግሥት አከራይ ሲሆንም ጭምር። ለምግብ ቤት ያከራየ ሰው ሽቦው ምጣድ እንደሚሸከም አስመርምሮ በውሉ ላይ ይፈርም።

የዚያን ቀን መውጫ ፍለጋ ዞር ስል የጓሮው በር በቢራ ሳጥን ተዘግቶ ነበር። ለባለቤቱ ነገርኩት፤ «ዛሬ ማታ ይነሳል» አለኝ። ትናንት ጎራ አልኩ። ሳጥኖቹ እዚያው ናቸው።