«ፋብሪካው አንቆት ነበር»

«ፋብሪካው ሆን ብሎ አንቆት ነው፤ እኔ ፈታሁት።» ይህን ያለው ከአትላንታ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ ፒችትሪ ሲቲ የሚኖር ወዳጃችን ነው። 100 ማይል ገደማ የጎልፍ ካርት መንገድ ባላት ከተማ ካርት መያዝ አያስወቅስም። «ታንቆ ነበር» የሚለው አሮጌ ባለሁለት ምት ሞተር ነው፤ ነዳጅና ዘይት ተቀላቅሎለት የሚሠራ። የፈታውም ማርሚታውን በመጋዝ ቆርጦ፣ ቴስታታውን አስልጦ፣ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ በሞረድ አስፍቶ ነው። አሁን በሰፈሩ ሲያልፍ ያልተኛ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። ይህን ጫጫታ እሱ ጉልበት ይለዋል፤ ከበው የሚያደንቁትም በየጋራዣቸው መጋዝ ፍለጋ ገብተዋል።

ማነው ያነቀው ለመሆኑ? ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1982 ድረስ ባለ 245 ሲሲ የሁለት ምት ሞተር ያለው ካርት ይሠራ ነበር። የኋላ ማርሽ የለውም። ወደኋላ መሄድ ሲያስፈልግ ሞተሩ ይቆምና በተቃራኒው አቅጣጫ እየዞረ ይነሣል። ቀዳዳዎቹን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ፒስተኑ ራሱ ስለሆነ፣ ሲወርድ የከፈተውን ሲወጣ በዚያው ልክ ይዘጋዋል፤ ወደ ቀኝ ዞረ ወደ ግራ ለእሱ አንድ ነው። ይህን ያሰቡ መሐንዲሶች ናቸው እንግዲህ ጉልበት መስጠት አቅቷቸው፣ ወይ ሰስተው፣ የወዳጃችንን ሞረድ ሲጠብቁ የኖሩት!

ጉዳዩን ያፈረጠው ግን ራሱ ነው። «መጀመሪያ አንዴ ሞተሩን አውርጄ አደስኩት» አለ፣ እንደ ዋዛ። ምን ምን አደስክ? ሲሊንደሩን ሬቲፊካ አስወጣ፤ አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ አስገባ፤ የደረቀውን የኮሎ ጎሚኒ ለወጠ፤ ካርቡራቶሩን አጠበ። ይኸው ነው እኮ! ባለሁለት ምት ሞተር አየርና ነዳጁን መጀመሪያ የሚጨምቀው ከፒስተኑ ሥር፣ ኮሎው ባለበት ቤት ውስጥ ነው። በኮሎው ዳር ያለው ጎሚኒ ካፈሰሰ ጭመቃው ይተነፍሳል፤ የማይፈለግ አየርም ይስባል። ፋሻው ካለቀ ደግሞ ከላይም ጭመቃ የለም። እንዲህ ያለው ካርት ዳገት ላይ ቢለግም ምን ይገርማል? ታደሰና ዳገቱን ወጣ። የወጣው ግን አሮጌው የፋብሪካ ጉልበት ስለተመለሰለት ነው። ከወባ የተነሣ ሰው «ያዳነኝ አዲሱ ኮፍያዬ ነው» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

«ሬቲፊካው ራሱ ሲሲ ጨምሯል» የሚል መከራከሪያም አለው። እናስላው። የ70 ሚሊሜትር ሲሊንደር በግማሽ ሚሊሜትር ቢሰፋ ጭማሪው 1.4 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ወፈር ያለ ሰው ከካርቱ ቢወርድ ከዚህ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ስም አልጠራም።

አሁን ወደ መጋዙ። በባለአራት ምት ሞተር ጭሱን የሚዘጋ ባልቦላ አለ። በባለሁለት ምት የለም። አዲሱ ድብልቅ ሲገባ የጭስ መውጫው ገና ክፍት ስለሆነ፣ ከፊሉ ሳይቃጠል ተከትሎ ሊወጣ ይሻል። የሚያስቀረው ከቱቦው ውስጥ ተመልሶ የሚመጣው የግፊት ሞገድ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ኤምዜድ ፋብሪካ የነበረው ቫልተር ካደን በ1950ዎቹ ይህን ሞገድ እየተከታተለ፣ ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠብ ቱቦ አሻሻለ። በ1961 ባለ 125 ሲሲ ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሰጠ፤ በሊትር 200 ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር ለውድድር ስዊድን እንደሄደ ከዳና እውቀቱን ለሱዙኪ ይዞ ገባ። በ1962 በሱዙኪ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሰው አገሩን ጥሎ የተሰደደበትን ነገር ወዳጃችን ቆርጦ ከቆሻሻ ጋር አወጣው። የጎልፍ ካርት ማርሚታ የእሽቅድምድም ቱቦ ነው አልልም፤ ነገር ግን ርዝመቱም ሆዱም ሞተሩ ለሚሠራበት ዙር ተለክቶ የተሠራ ነው።

ሞረዱም ቢሆን ያው ነው። የጭስ ቀዳዳውን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ ጉልበቱን ወደ ከፍተኛ ዙር ይገፋዋል፤ ለእሽቅድምድም ሞተር ብስክሌት ጥሩ ነው። ካርት ግን በቺንጋ የሚነዳ፣ ፍጥነቱ ሲደርስ ነዳጁን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ያለው፣ ሥራው አራት ሰው ጭኖ ከቆመበት መነሣት የሆነ ነገር ነው። ከታች ያለውን ጉልበት ሰጥቶ ፈጽሞ የማይደርስበት ዙር ላይ ጉልበት መግዛት ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ነዳጁን ሳያስተካክሉ ቱቦ መቁረጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ድብልቁ ይሳሳል። በነዳጁ ውስጥ ዘይት ስላለ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። እንዲህ ከነከሰ ሞተር የወጣ ፒስተን በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ተፋፍቆ፣ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ፋሻውን ከነማረፊያው ደፍኖታል፤ በጥፍር ብትቆረቁሩት እንኳ ፋሻው አይላወስም። በሌላኛው ጎኑ የፋብሪካው የማሽን ጭረት እንኳ ገና አልጠፋም። አዲስ ነበር ማለት ነው። ባለቤቱም ጥፋቱን በዘይቱ ብራንድ ላይ ጣለ።

እኔን ከጠየቃችሁ የታደሰውን ሞተር እንደታደሰ ተዉት። ጉልበት የፈለገ ባለአራት ምት ወይም የኤሌክትሪክ ይግዛ፤ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ባለሁለት ምቱን ከተዉት ሠላሳ ዓመት አልፏል።

ይህ ሁሉ ቀርቶ ጉልበቱ በእርግጥ መጣ እንበል። ለጎልፍ ሜዳ የሚሠራ ካርት በኢንዱስትሪው ደንብ ከ15 ማይል በሰዓት እንዳያልፍ ተደርጎ ይሠራል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ደንብ ደግሞ ከ20 በላይ እስከ 25 ማይል የሚሄድ ባለአራት ጎማ ሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ ሆነ፤ ቀበቶ፣ መብራት፣ መስታወት ይጠየቃል። በአብዛኞቹ አሮጌ ካርቶች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም በሸራ። ወዳጃችን አሁን ከበረዶ ላይ ሞተር (ስኖሞቢል) የተፈታ ትልቅ ካርቡራቶር እያፈላለገ ነው አሉ። ስለ ፍሬኑ ግን ያነሣው ነገር የለም።