ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል

ከላይ በርእስነት ያሰፈርነው የአበው አነጋገር ለስፖርተኛ የተነገረ ይመስላል። ተመልካች የሚያየው የውድድሩን ቀን ብቻ ነው። የመታጠቂያው ጊዜ ግን ከዚያ ቀደም ያሉት ወራት፣ ጭብጨባም ተመልካችም የሌለባቸው ወራት ናቸው። ለዛሬ ይህንኑ ጉዳይ የምናነሣው ከሩቅ አገር፣ ከአውስትራሊያ ሴት ኳስ ተጫዋቾች ምሳሌ ወስደን ነው። ልጃቸው ኳስ ለምትወድ እናቶችና ከሥራ መልስ ስፖርት ለመሥራት ለምታስቡ እኅቶች የሚበጅ ቁም ነገር አለበት።

የአውስትራሊያ እግር ኳስ እኛ ከለመድነው ይለያል። ደንቡ በሜልበርን ከተማ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። ኳሱ በእግር ይመታል፣ በእጅም ይያዛል፤ ኳስ የያዘን ተጫዋች አቅፎ መጣልም ይፈቀዳል። በወንዶች 18 በ18፣ በሴቶች 16 በ16 ሆነው ይጫወታሉ። ሩጫ፣ ዝላይ፣ ድንገት መታጠፍና መውደቅ የበዛበት ስለሆነ ያልተዘጋጀ ሰውነት አይችለውም።

ስለዚህም ክለቦቹ ከውድድሩ በፊት ለወራት ይዘጋጃሉ። የወንዶቹ ዝግጅት በኅዳር ገደማ ተጀምሮ በታኅሣሥና በጥር ሙቀት ይቀጥላል፤ እነዚህ ወራት እዚያ በጋ ናቸውና። የሴቶቹ ውድድር ግን ከ2022 አጋማሽ ወዲህ በነሐሴ ስለሚጀመር ዝግጅታቸው በክረምቱ ብርድ ላይ ይውላል። በሜልበርን በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሥራ ውላ የመጣች ተጫዋች የምትለማመደው በመብራት ነው።

የዝግጅቱ ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ የእያንዳንዷ አቅም ይለካል፤ 2 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተይዞ መሮጥ የተለመደ መመዘኛ ነው። ከዚያ ሩጫውና ክብደት ማንሳቱ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ቀጥሎ የኳስ ልምምድ፣ ቀጥሎ መያያዝና መውደቅ፣ በመጨረሻም የሙከራ ግጥሚያ ይመጣል። ዕረፍትም የዝግጅቱ አካል ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ከድካሙ በኋላ ሲያርፍ ነውና።

ሴቶቹ ለዚህ የዝግጅት ጊዜ የበቁት በቀላሉ አይደለም። በ1915 በፐርዝ ከተማ የአንድ ትልቅ መደብር ሴት ሠራተኞች ቡድን አቋቁመው ተጫውተው ነበር። የሴቶች ብሔራዊ ሊግ የተጀመረው ግን በ2017 ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባቸው። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ዝቅተኛው ክፍያ 8,500 የአውስትራሊያ ዶላር ያህል ስለነበር፣ ብዙዎቹ ነርስ፣ መምህርት ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆነው ከሥራ በኋላ ይለማመዱ ነበር። በ2023 ወንዶቹንና ሴቶቹን በአንድነት ያቀፈ የ5 ዓመት ስምምነት ሲፈረም፣ የሴቶቹ ውል ዓመቱን ሙሉ እንዲሆን ተደረገ።

የጊዜው እጦት ያስከተለው ዋጋ በጉልበት ላይ ታይቷል። በጉልበት ውስጥ የጭኑን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያዝ መስቀለኛ ጅማት አለ። ይህ ጅማት በሴቶቹ ሊግ የሚበጠሰው ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ ነው። ብዙ ጊዜም የሚበጠሰው ማንም ሳይነካት፣ ከዝላይ ስታርፍ ወይም ድንገት ስትታጠፍ ነው። ለመዳን ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። «የሴት አካል ደካማ ስለሆነ ነው» የሚሉ አይጠፉም። የአካል አፈጣጠር ድርሻ ቢኖረውም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ወንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዘልና ሲወድቅ ያድጋል፤ ሴቷ ግን ከሜዳው ተከልክላ ትቆይና ካደገች በኋላ በአንድ ጊዜ «ተጫወቺ» ትባላለች።

የአደሌዷ ኤሪን ፊሊፕስ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ13 ዓመቷ ከወንዶች ጋር መጫወት ስለተከለከለች ወደ ቅርጫት ኳስ ሄደች፤ ወደምትወደው ጨዋታ የተመለሰችው በ2017፣ የመንታ ልጆች እናት ሆና ነው። በ2019 የዋንጫ ግጥሚያ ከ53,000 በላይ ተመልካች ፊት ጉልበቷ ተጎድቶ በቃሬዛ ወጣች። ወራት የፈጀ ልምምድ አድርጋ ተመለሰች፤ በ2022ም እንደገና ዋንጫ አነሣች። አዋላጇ ዴዚ ፒርስ ደግሞ በ2019 መንታ በመውለዷ ያን ዓመት አልተጫወተችም። በ2020 ተመልሳ በ2022 የሜልበርን ቡድን አምበል ሆና ለድል በቅታለች።

ከዚህ ምን እንማራለን? ልጃችሁ በትምህርት ቤት ወይም በሰፈር ስፖርት የምትሠራ ከሆነ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ከጨዋታ በፊት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሰውነቷን ታፍታታ። ዝግ ያለ ሩጫ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ዘሎ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ በዝግታ ማረፍን ትልመድ። ስታርፍ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ እንዳይጋጠሙ አሠልጣኟ ይመልከትላት። እንዲህ ያለ ልምምድ አዘውትሮ ሲሠራ በሴት ስፖርተኞች ላይ የዚህን ጅማት ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል።

ሁለተኛ፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላ በአንድ ቀን ብዙ ለመሥራት አትቸኩል።

ሦስተኛ፣ ጉልበቷ «ቋ» ብሎ ካበጠ ጨዋታውን ታቁም። ከመታሸቷ በፊት ሐኪም ይያት፤ የተበጠሰ ጅማት በወጌሻ እጅ አይቀጠልምና።

አራተኛ፣ እናንተ ራሳችሁ ወልዳችሁ ከሆነ በእግር ጉዞና የዳሌን ጡንቻ በሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጀምሩ። ሩጫውን ቢያንስ ለ3 ወር አቆዩት፤ ከመጀመራችሁም በፊት ሐኪም አማክሩ።

ከሁሉም በላይ ግን ለልጃችሁ ጊዜ ስጧት። ወንድሟ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ ሜዳ ሲውል እሷ ምጣድና ሰሃን ስታጥብ ከመሸባት፣ በውድድሩ ቀን የሚጎድላት ችሎታ ሳይሆን ዝግጅት ነው። የቤቱን ሥራ ለሁለቱም አካፍሉ፤ አባትም ይገዝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ለልምምድ የሚለቀቅላት ልጅ ቀስ ብላ ትታጠቃለች፤ ቀስ ብለው የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ አይፈታም።