ትንሿ መኪናና በረዶው፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ኅዳር ሲገባ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር፣ ለፍጥነት የተሠራች መኪና ሐበሻ ቡና ቤት በር ላይ የሚያቆም ወጣት ምን እንደሚጠብቀው ይታወቃል። ገና ወንበር ሳይስብ ምክሩ ይጀመራል። «አንተ ልጅ፣ ክረምቱን በዚህች መጫወቻ ልትዘልቀው ነው?» ይላል አንዱ። «ሽጣትና ትልቅ ፎር ዊል ግዛ፣ በረዶ ቀልድ አያውቅም» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት አውራ ጎዳና ላይ ተሽከርክራ ቦይ የገባች ትንሽ መኪና ማየቱን ያነሳል። መካሪዎቹ ክፋት የለባቸውም። ምክራቸው ግን ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው ለማያስፈልገው ዕዳ ዳርጓል፣ ከአደጋ ያድናል የተባለውንም ያህል አያድንም።

መኪና መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቦታ ከአንድ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ሞተሩ የቱንም ያህል ኃይል ይኑረው፣ ፍሬኑ የቱንም ያህል ይጠንክር፣ መንገዱን የሚይዘው ያ መዳፍ የሚያህል ላስቲክ ነው። የትንሿ መኪና ስም የጠፋውም እዚሁ ላይ ነው። እንደ ማዝዳ ሚያታ ያሉ ለፍጥነት የሚሠሩ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት የበጋ ጎማ ታጥቀው ነው። የበጋ ጎማ ላስቲኩ የተቀመመው የሞቀ አስፋልት አጥብቆ እንዲይዝ ነው። የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ግን እየጠጠረ ይሄዳል። 7 ዲግሪ ለአዲስ አበባ የታኅሣሥ ማለዳ ብርድ ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። ጎማ አምራቾቹ ራሳቸው የበጋ ጎማ ከዜሮ በታች እንዳይነዳ፣ ላስቲኩም ሊሰነጠቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ።

እንግዲህ ከቴክሳስ በርካሽ የተገዛች መኪና የመጣችበትን ጎማ እንዳደረገች የመጀመሪያው በረዶ ላይ ስትወጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ትሽከረከራለች። አላፊ አግዳሚው «ትንሽ መኪና» ይላል፤ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን የሚያይ የለም።

ፎር ዊል ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ከቆመበት ለመነሳት፣ ዳገት ለመውጣት፣ ካልተጠረገ መንገድ ዳር ለመላቀቅ በእርግጥ ይረዳል። ለመቆም ግን አንዳች አይጨምርም፤ ማንኛውም መኪና ፍሬን ሲያዝ የሚቆመው በአራቱም ጎማ ነውና። ኩርባ ላይም እንዲሁ፣ ጎማው ከለቀቀ ለቀቀ ነው። እንዲያውም ችግር ይፈጥራል፦ ያለ ጭንቀት የተነሳ አሽከርካሪ መንገዱ የሚያዳልጥ መሆኑን የሚያውቀው ቀዩ መብራት ሥር ሲደርስ ነው። ሚያታ ከአንድ ቶን ብዙም አትበልጥም። ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሩ የቤተሰብ መኪና ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል። ሲያዳልጠው የሚመታው በዚያ ሁሉ ክብደት ነው። በትንሿ መኪና የተቀመጠ ሰው ግን ከመሬቱ ቅርብ ስለሆነ መንሸራተቱ ገና ሲጀምር በመሪውም በወንበሩም ይሰማዋል፤ ቀድሞም ቀስ ይላል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሞንቴ ካርሎ ራሊ በጃንዋሪ የፈረንሳይን ተራሮች በበረዶ የሚያቋርጥ ውድድር ነው። ሚኒ ኩፐር፣ ቸርኬዋ 10 ኢንች ብቻ የሆነው ያቺ የእንግሊዝ ድንክ መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1967 አሸንፋዋለች። በ1966 ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው የገቡት ሚኒዎች በፊት መብራታቸው ሰበብ ከውጤት ተሰረዙ፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች ያንን ሳይጮኹበት አላለፉም። የ1965ቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከ200 በላይ መኪኖች ተነስተው አብዛኞቹ በበረዶ ማዕበሉ መንገድ ላይ ሲቀሩ፣ ፊንላንዳዊው ቲሞ ማኪነን ሚኒዋን አንደኛ አድርጎ ሞናኮ አስገባት። ምሥጢሩ ሞተሯ በሚያንቀሳቅሷት የፊት ጎማዎች ላይ መቀመጡ፣ ቅለቷ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ የመንገድ ክፍል ተመርጦ የሚገጠምላት ጎማ ነበር። ሾፌሩም ማኪነን ነበር፤ ይህንን መርሳት አይገባም።

ለትንሿ መኪና ሲሟገቱ የማይካድ ነገር አለ። የሚያታ ሆድ ከመሬት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው ያለው። አንድ ሌሊት 30 ሳንቲ ሜትር በረዶ ከጣለና ጠራጊው መኪና ካልደረሰ፣ ምንም ዓይነት ጎማ አያወጣትም፤ በረዶው ላይ በሆዷ ትተኛለች። ሞተሯ የሚያዞረው የኋላ ጎማዎቿን ስለሆነም ነዳጅ በድንገት የሰጣት ሰው ፊቷን ወዳልፈለገው አቅጣጫ ታዞርበታለች። ማርሽ በእጅ የሚቀይር ሰው በሁለተኛ ማርሽ በቀስታ መነሳት፣ ኩርባ ሳይገባ ገና በቀጥታው ላይ ፍሬን መጨረስ፣ ሲንሸራተት ዓይኑን ወደ ቦዩ ሳይሆን ወደሚሄድበት መትከል አለበት። ይህን የሚማሩት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ እሑድ ጠዋት ነው። ሌላም ዝም የማይባል አደጋ አለ። የዝቅተኛ መኪና የማርሚታ አፍ በበረዶ ለመደፈን ጊዜ አይፈጅበትም። በረዶ ውስጥ ተይዞ ለሙቀት ሲል ሞተር እያሠራ የተቀመጠ ሰው ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሽታ በሌለው ጋዝ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ አካፋ ከኋላ መያዝ፣ ከሁሉ በፊትም የማርሚታውን አፍ መክፈት የግድ ነው።

«ማዕበል ሲሆን ቤትህ ተቀመጥ» የሚል ምክርም በየዓመቱ በቴሌቪዥን ይሰጣል። ጥሩ ምክር ነው፣ ቤቱ ተቀምጦ መሥራት ለሚችል። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እናት፣ ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ኤርፖርት መድረስ ያለበት ሠራተኛ፣ በታክሲ የሚያድር አባት ቤት መቀመጥ አይችሉም። ከጠራጊው መኪና ቀድመው መንገድ ላይ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ከፈረቃ ሲመለሱም ሚኒያፖሊስ የበረዶ አዋጅ አውጃ ከሆነ የዛሬው ምሽት የየትኛው መንገድ፣ የነገው ቀን የየትኛው ጎን ተራ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፤ የተሳሳተ መኪናው ተጎትቶ ይጠብቀዋል።

ፎር ዊል ግዙ የሚለው ምክር ከባድ የሚሆነውም ለእነዚህ ሰዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ መኪና ብድር የሚከፈለው አማካይ ወርሃዊ ሒሳብ ከ700 ዶላር አልፏል። ለትንሽ መኪና የሚሆኑ አራት የክረምት ጎማዎች ብዙ ጊዜ ከ1000 ዶላር በታች ይገኛሉ፤ ሲያረጁም ዓመታት ይፈጃል፣ እነሱ ሲሠሩ የበጋዎቹ ያርፋሉ። የአንድ ወር ተኩል ክፍያ የማይሞላ ገንዘብ ለስድስት ዓመት ዕዳ ምትክ ሊሆን ሲችል፣ ቡና ቤቱ ስለ ጎማ አለማውራቱ ያሳዝናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዕዳውን ገብቶ ትልቁን መኪና የገዛው ሰው ያንኑ «ለሁሉም ወቅት» የሚባል ጎማ እየነዳ ክረምቱን ተሻገርኩ ማለቱ ነው።

ጉዳዩን ለየሰዉ ፈቃድ ያልተዉ አሉ። ኩቤክ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የክረምት ጎማ በሕግ አስገድዳለች፤ ዛሬ ግዴታው ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ነው። ጀርመንም ከ2010 ወዲህ መንገዱ በረዶ በሆነ ጊዜ በበጋ ጎማ መንዳትን ትቀጣለች። ኦንታሪዮ ማንንም ሳታስገድድ ሌላ መንገድ መርጣለች፦ ከ2016 ጀምሮ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የክረምት ጎማ ላደረገ ደንበኛ ቅናሽ እንዲሰጡ ግዴታ ጣለችባቸው። ቶሮንቶ ያለው ሐበሻ ኢንሹራንሱን ደውሎ ሊጠይቀው የሚገባ ቅናሽ ነው። ሚኒሶታ ከእነዚህ አንዱንም አላደረገችም። በቀጥታ ማስገደድ ድሃውን ይጎዳል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው የኦንታሪዮ መንገድ ለሚኒሶታ የሚሻለው። የማኅበረሰብ ማኅበራትም ለአዲስ መጪዎች መንጃ ፈቃድ ማስጠናት ብቻ ሳይሆን ጎማ ማስነበብ ቢጨምሩ ወጪ የለውም። በጎማው ጎን ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ይፈለጋል። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ እሱን አምራቹ በራሱ የሚጽፈው ነው፣ የተራራው ምልክት ግን በረዶ ላይ የተደረገ ፈተና ይጠይቃል።

ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ መኪናው ሚያታም ይሁን ሁለት ቶን። ያልገጠመ ሰው ቀጠሮውን ኅዳር ሳያልቅ ቢይዝ ይሻላል፤ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት የጎማ ቤቶቹ ወረፋ ደጅ ድረስ ነው።