ለሕፃኑ ሰው ተገኘ፤ ለእናቲቱስ?

አንባቢዬ ሆይ፤ ዓለም ባንክ ከሚገኝ አንድ የኪራይ ቤት ውስጥ፥ በእኩለ ሌሊት፥ ሕፃን ልጅ ትኩሳት ይዞት አንዘፈዘፈው እንበል። እናቱ በጋቢ ጠቅልላ ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣለች፤ ከዚያም ሪፈር ተጽፎላት፥ ጦር ኃይሎችን አልፋ ጥቁር አንበሳ ትደርሳለች። ሐኪሙና ነርሷ ሕፃኑን ተቀብለው ኦክሲጅኑንና መርፌውን ያሰናዳሉ። ለሕፃኑ ሰው ተገኘለት። ለእናቲቱስ?

እርሷ የመድኃኒት ወረቀት ይዛ ከመስኮት ወደ መስኮት ትዞራለች። ታላቅየው ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን ተኝቷል። የያዘችው ገንዘብ በታክሲ አልቋል። ሐኪሙ ከነገራት ግማሹን በድንጋጤ አልሰማችውም፤ ደግማ እንዳትጠይቅ ታፍራለች። ሕፃኑ ጥቂት ሲሻለው «ልውሰደው» ብላ የምትነሣው ለልጅዋ ሳትጨነቅ ቀርታ ሳይሆን፥ ይህ ሁሉ ስለ ከበዳት ነው።

ይህን ሸክም ማቃለል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሜሪ ስቱዋርት የምትባል ሴት በሎንዶኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል በዚሁ ሥራ ተሰማራች። በአገራችንም የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ መልሶ ጀመረው። ባለሙያው ከእናቲቱ አጠገብ ተቀምጦ የሐኪሙን ቃል በቀላል አማርኛ ያስረዳታል፤ ቤት ለቀረው ልጅ ዘመድ በስልክ ያፈላልጋል፤ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከወረዳ እንዴት እንደሚወጣ ይመራታል። ክፉ ቀን ቢመጣም መርዶውን ብቻዋን ቆማ እንዳትሰማ ያደርጋል።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። ተማሪ ከሆንህ ይህን ሙያ አስብበት። የወረዳ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከሆንህ ደግሞ ያ ወረቀት የሚወጣው ከአንተ ጠረጴዛ ነው። «ነገ ተመለሽ» ለአንተ ሁለት ቃል ነው፤ ለእርሷ ግን ሌላ ሌሊት ነው።

ጎረቤት ብቻ ብትሆንም ሥራ አለህ። ጡት እንቢ ያለ፥ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፥ የሚያንዘፈዝፈው ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን ስታይ «እስኪነጋ» አትበል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እናቲቱም ስትሄድ፥ የቀረውን ልጅ ወደ ቤትህ አስገባው።