ሳይሞት የሚቀበረው ሃርድ ዲስክ

ማታ በደህና የተዘጋ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሷል። ዊንዶውስ ሊነሳ ይሞክርና ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይጠፋል፤ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ባለቤቱ ተሸክሞ ጥገና ቤት ያደርሰዋል። ፍርዱ በአምስት ደቂቃ ይሰጣል፦ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረጋል።» የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሱቁ ሂሳብ፣ የልጁ ፎቶ አብሮ ይሄዳል።

እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ዲስኩ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠችው፣ ሳንቲም የምታክለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ስታልቅና መብራት ሲቋረጥ፣ በተለይ በቆዩ ማዘርቦርዶች ላይ፣ የባዮስ ምርጫዎች ከፋብሪካ ወደመጡበት ይመለሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት የሳታ ሞድ ነው፦ አይዲኢ፣ ኤኤችሲአይ ወይም ሬይድ። በኤኤችሲአይ የተጫነ ዊንዶውስ ድንገት አይዲኢ ላይ ሲነሳ ተገቢው ድራይቨር አልተዘጋጀለትምና የራሱን ዲስክ ማየት ያቅተዋል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ። መድኃኒቱ ባዮስ ገብቶ ሞዱን ወደነበረበት መመለስ፣ ከዚያም ባትሪዋን መቀየር ነው።

አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወዲህ ብዙዎቹ ቪኤምዲ የተባለው ቅንብር በርቶ ይመጣሉ። የዊንዶውስ መጫኛው ድራይቨሩ ካልተሰጠው ዲስክ የለም ይላል። ይህን ያላወቀ ቴክኒሻን «ዲስኩ ተቃጥሏል» ብሎ ደንበኛውን አዲስ ያስገዛል።

አምራቾችም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ኤኤችሲአይ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ደረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ሁሉ ዓመት «የዲስኩ ሞድ ተቀይሯል» የሚል አንድ ግልጽ መልእክት መጻፍ አቅቷቸው፣ ተጠቃሚውን በማይገባው ኮድ ያስደነግጡታል።

«ደንበኛው ይቸኩላል፤ የሚከፍለውም ለፎርማት እንጂ ለምርመራ አይደለም» የሚል መከላከያ አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ለምርመራ መክፈልን ደንበኛውም ሊለምደው ይገባል። ሆኖም ሐኪም በሽተኛው ቸኮለ ብሎ እግር አይቆርጥም። ሞዱን ማየት ከሻይ መጠጫ ጊዜ ያነሰ ይፈጃል፤ ከመነካቱ በፊት የነበረውን በስልክ ፎቶ ማንሳትም ምንም ወጪ የለውም። በርካታ ዲስኮች በሬይድ የተጣመሩበት ሰርቨር ከሆነ ደግሞ አዋቂ ሳይጠሩ አለመነካካት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፎርማት የግድ ከሆነ እንኳ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካ፣ ፋይሉ ይገልበጥ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። ፎርማት ተደርጎ በላዩ ዊንዶውስ የተጫነበት ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ ተለቅሞ አይሞላም።