ሰልፉ ጠበቃውን ሲያጣ

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ለቆመ ሰው አዲስ አበባ ምን ዓይነት ከተማ እንደሆነች የሚያስረዳ ሌላ መምህር አያስፈልገውም። ሰልፉ ከታክሲ ተራው ተነሥቶ ሕንፃውን ይዞራል፤ ተጠማዞም ይመለሳል። እናት ልጇን አዝላ፣ የማታ ተማሪ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው ይቆማሉ። ረዳቱ መስመሩን አቆራርጦ ለመጫን ይጣራል፤ ተሳፋሪውም ግማሽ መንገድ ላይ ሌላ ሰልፍ እንደሚጠብቀው እያወቀ ይሳፈራል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚቆጣ የለም። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ዝምታ ነው።

ስለ ታክሲ ችግር የተባለው ብዙ ነው። የመኪና እጥረት፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ የነዳጅ ወረፋ፣ የረዳቶች ምግባር እየተባለ ሲዘረዘር ኖሯል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን በሰልፉ ውስጥ ስለሌሉት ሰዎች ነው፤ በግልጽ ለመናገር፣ ስለ እኔና ስለ እናንተ።

በዕድሜ ጠና ያሉ አንባቢዎች «ውይይት» ይባል የነበረውን ታክሲ አይረሱትም። ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ ሕዝቡ በዘመኑ ቋንቋ ስም አወጣለት። የመሥሪያ ቤት ሹሙና የጉሊት ነጋዴዋ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይሄዱ ነበር። ዘመኑን ለማሞገስ አይደለም፤ በዚያ አግዳሚ ላይ ሰው የልቡን ለመናገር ይፈራ እንደነበር የማያውቅ የለም። ሆኖም ባይነጋገሩም ይተያዩ ነበር። የዳቦ ዋጋ ሲጨምር፣ መንገድ ሲዘጋ፣ አውቶቡስ ሲቀር ነገሩ የሁሉም ነገር ነበር።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የነዳጅ ዋጋ ጭማሪን ተቃውመው ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ቀን መምህራንም «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለውን ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ፤ የካቲት ሳያልቅም የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። መሪ የያዘውና ጠመኔ የያዘው አንድ ማኅበር አልነበራቸውም። ያገናኛቸው ተመሳሳይ ኑሮ ነበር፤ የአንዱ ብሶት ለሌላው እንግዳ አልነበረም።

ከ42 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የሚኒባስ ሾፌሮች አዲሱን የትራፊክ ቅጣት ደንብ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ ከተማይቱ በእግሯ ተጓዘች። በማን ጀርባ ላይ እንደምትኖር ያን ዕለት በዓይን ታየ። የደንቡ አፈጻጸም ለጊዜው ተላለፈ፤ ነገር ግን የከተማ ትራንስፖርት የማን ግዴታ ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሣ የተማረ ሰው ስንት ነበር? አብዛኞቻችን ወሬው «የወያሎች ጥጋብ» እስኪባል ጠብቀን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ለመሆኑ የሚኒባሱ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ አስተውለን እናውቃለን? ታሪፉን መንግሥት ይወስናል፤ መስመሩን መንግሥት በታፔላ ይደለድላል፤ ሲያጠፋም መንግሥት ይቀጣል። ኪሳራው ግን የሾፌሩ ነው። ብዙዎቹ ሾፌሮች መኪናው የራሳቸው ስላልሆነ፣ መንገዱ ተዘጋም ተከፈተም፣ የተወሰነ የቀን ገቢ ለባለንብረቱ ያስረክባሉ። በመጨናነቅ ሰዓት ረጅሙን መስመር በአንድ ታሪፍ የሄደ ሾፌር ይከስራል፤ ያቆራረጠ ያተርፋል። በጠዋቱና በማታው ሰዓት መስመር የሚቆራረጠው ሒሳቡ ስለሚያስገድድ ነው፤ ሒሳቡን ያልቀየረ ቅጣትም የሚጨምረው ለተቆጣጣሪው የሚሰጠውን ጉርሻ ብቻ ነው። እኛ ግን ረዳቱን «ባለጌ» ብለን ስንሳደብ ሒሳቡን የሠራው አካል ከስድቡ ያመልጣል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይህን ሸክም ያቃልላል ተብሎ ነበር። ከ34 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ተዘረጋ፤ 41 ባቡሮች ተገዙ። ዓመታት ሳይቆጠሩ ከእነዚህ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። በምረቃው ዕለት ያጨበጨብን ሁሉ ባቡሮቹ ሲቆሙ የት ነበርን?

መልሱን እኔ ልናገር፤ በራይድ ውስጥ ነበርን። የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩ አገልግሎቱን ለመጀመር ያነሣሣቸው አምሽተው ከሥራ ሲወጡ ታክሲ ለማግኘት መቸገራቸውና በዋጋ መበዝበዛቸው እንደነበረ በአደባባይ ተናግረዋል። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ መፍትሔውም ብልህ ነበር። በምሽት ለምትጓዝ ሴት የደኅንነት ዋስትና፣ ለብዙ ወጣቶችም እንጀራ ሆኗል። ይህን የሚክድ ሰው ታማኝ ተከራካሪ አይደለም።

ነገር ግን እያንዳንዱ መፍትሔ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ደመወዛችን የፈቀደልን ሰዎች ስልካችንን ነክተን ከሰልፉ ወጣን። ስንወጣ ወንበራችንን ብቻ አልተውንም፤ ጩኸታችንንም ይዘን ሄድን። ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው፣ ቢሮ ገብቶ መከራከር የሚያውቀው፣ ጋዜጠኛ ጓደኛ ያለው ሰው ለግሉ ተገላገለ። ሰልፉ ግን አላጠረም፤ ጠበቃውን ብቻ አጣ። ሹሙ በመሥሪያ ቤት መኪና፣ ምሁሩ በራይድ፣ ነጋዴው በራሱ መኪና ይሄዳል፤ ስለ ሰልፉ የሚወስኑት ሁሉ ሰልፉን የሚያውቁት በመስኮት ነው።

በምሠራበት ሕንፃ የምታጸዳ ሴት አለች። ቤቷ በልማት ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር በተሰጣት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ድሮ በእግሯ ትመጣ ነበር፤ አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ በሦስት ታክሲ ትደርሳለች። «ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ውሃም አለው» አለችኝ። «ልጆቼን ግን ብርሃን ላይ የማያቸው እሑድ ብቻ ነው።» ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ስለ ካሳውና ስለ ምትክ ቤቱ ተከራክረናል። ከዚያች ሴት በየቀኑ ስለሚወሰደው ሰዓት ግን ካሳ የጠየቀላት የለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፤ መልካም ነው። ይሁንና በእግሯ ትመጣ የነበረችውን ሴት ወደ ዳር አስወጥቶ የእግረኛ መንገድ ማስፋት ምፀት አይሆንምን?

አንዳንዶች «አገሪቱ ድሃ ናት፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል» ይሉናል። ትዕግሥቱን የሚከፍለው ሁልጊዜ አንድ ወገን መሆኑን ግን አይነግሩንም። ድህነት አውቶቡስ ሊያሳጣ ይችላል። ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ማስከበር ግን ይህን ያህል ሀብት አይጠይቅም። የሰዎች ቤት ከመፍረሱ በፊት በሚሄዱበት ሰፈር አውቶቡስ መመደብ፣ በየመስመሩ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ቆጥሮ በየወሩ ለሕዝብ ማሳወቅ፣ ታሪፍና ስምሪት ሲወሰን ሾፌሩንና ተሳፋሪውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከሁሉ በፊት ፈቃደኝነትን ይጠይቃሉ።

ራይድ አትሳፈሩ አልልም፤ እኔም ዛሬ ማታ እሳፈር ይሆናል። ነገር ግን መኪናው በመገናኛ ሲያልፍ ከስልካችን ቀና ብለን ሰልፉን እንየው፤ አይተንም ዝም አንበል። ከሰልፉ በገንዘባችን ወጣን እንጂ ከከተማይቱ አልወጣንም። ገንዘቡ ያጠረ ዕለት ወደዚያው ሰልፍ እንመለሳለን፤ ያን ጊዜ ጠበቃ ብንፈልግ ማንን እናገኛለን?