አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ጎበዝ፣ የዛሬው ጉዳዬ ስለ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። “አገሪቱ ስንት ጉድ እያለባት ይኼ ሰውዬ ስለ ሞተር ያወራል እንዴ?” የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። አንብቦ ይፍረደኝ።

ያማሃ ኤጂ 100 ትባላለች። ገጠር የሠራ ሰው ስሟን ባያውቅ መልኳን ያውቃል። ከፊትም ከኋላም የብረት ዕቃ መጫኛ አላት፣ ካቴናዋ ጭቃና አቧራ እንዳያገኘው ዙሪያውን ተሸፍኗል፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ እግር አላት። ለማሳና ለኮረኮንች ተብላ የተሠራች ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበር። በእሷ ስንት ወንዝ እንደተሻገረ፣ ስንቴ ከማጥ ውስጥ እንደጎተታት እሱ ነው የሚያውቀው። መሥሪያ ቤቱ ያረጁ ንብረቶቹን በሐራጅ ሲሸጥ “ፈረሴን ለማንም አልሰጥም” ብሎ በራሱ ገንዘብ ገዛት፤ ጡረታ ሲወጣም በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ አመጣት። አመጣትና ቆመች። ዶሮዎቻችን መቀመጫዋ ላይ ማደር ጀመሩ።

በ2008 ዓ.ም. አባቴ ሲያርፍ እናቴ “አንተ ልጅ፣ ይህቺን ብረት አንድ በላት” አለችኝ። ቁራሌው በር ላይ ቆሞ ሊገዛ ተደራደረ። በስንት? በኪሎ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አባቴን ሚዛን ላይ ያወጡት ነው የመሰለኝ። ቁራሌውን አመስግኜ ሸኘሁት፤ በዚያው ሳምንት ካቻቢቴና ፒንሳ ገዛሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ። ጋራዥ የምለውም ጓሯችን ያለችውን፣ ግማሿ እንጨትና ከሰል የተቆለለባትን የቆርቆሮ ዳስ ነው። እዚያ ተቀምጬ ቡሎን በቡሎን፣ ዳዶ በዳዶ ፈታኋት። (እግረ መንገዴን አንድ ነገር ታዘብኩ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቶ ነው የሄደው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ሰልባትዮ... አማርኛ መካኒክ ቤት ሲገባ ቱታ ለብሶ ነው የሚገባው።)

ሞተሯ ቱ ስትሮክ ነው። ይህ ዓይነት ሞተር ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ የሚስበው ከታች ክራንኩ ወዳለበት ክፍል ነው፤ ከዚያ ነው ወደ ላይ የሚገፋው። ስለዚህ በክራንኩ ዳርና ዳር ያሉት ፓራኦሊዮዎች ከደረቁ ሌላ አየር ሾልኮ ይገባል። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ፒስቶኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ቺሊንደሩን ነክሶ ቀጥ ይላል። የእኛዋም የሞተችው እንዲህ ነው። ይኼ አልበቃ ብሎ፣ ፋብሪካው ዘይቱን ከራሱ ማጠራቀሚያ እየመጠነ እንዲልክ የሠራውን ፓምፕ አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ነቅሎ ጥሎት፣ አባቴ ዘይትና ቤንዚን በጣሳ እየደባለቀ ሲነዳ ኖሯል። በግምት!

ቺሊንደሩን አስፍቼ በ0.50 ሚሊሜትር የተለቀ ፒስቶን ከነፋሻው ለማግኘት ሶማሌ ተራን አንድ ዓመት ሙሉ ተመላለስኩበት። አንዱ “ነገ” ይላል፣ ሌላው “ይኼ ዕቃ ድሮ ቀረ” ይላል፣ ሦስተኛው የሌላ ሞተር ፒስቶን አውጥቶ “ትንሽ ቢሞረድ ይገባል” ይላል። የዘይት ፓምፑን ምናለሽ ተራ ከተቆለለ ብረት ሥር አገኘሁት፤ ሻጩ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። ማርሚታውን የዘይት ጥላሸት ደፍኖት ስለነበር በእሳት አቃጥዬ አራገፍኩት። ፑንቲናውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ክፍተቱን በ0.3 እና በ0.4 ሚሊሜትር መካከል አስተካከልኩ። ይህቺ ከጥፍር ውፍረት የማትበልጥ ክፍተት ሦስት ቅዳሜ በልታብኛለች።

ለራሴ እንዲመቸኝም ቀያይሬያታለሁ፤ አልክድም። ባለ 6 ቮልቱ መብራት ከጧፍ አይሻልም ነበር፣ ጥቅሉን እንደገና አስጠቅልዬ ወደ 12 ቮልት አሳደግሁት። መቀመጫውን በቡናማ ቆዳ አሰፋሁት። መሪውን ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ቀለሟን ግን አልነካሁም። ለምን? ሊብሬው ላይ “ቀይ” ይላላ! ሻንሲውንም ንክች አላደረግሁም። ዛሬ ዛሬ ፊልም አይተው አሮጌ ሞተር ሻንሲውን በፍሌክሲብል እየቆረጡ “አሳመርናት” የሚሉ ጎረምሶች አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ሬሳ ነው የኳለው። ጭነት የሚሸከመውም ቁጥሩ የተመታበትም እሱ አጥንቷ ነውና።

ግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሥራ ምናምነኛው ርግጫ ላይ ተነሣች። ግቢው በጭስ ታጠነ። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ቆመች። “ድምፁ የሱ ነው” አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ቦሎ አሳደስኩ፣ ሄልሜት ገዛሁ። ከዚያስ? ከዚያማ የወቅቱ የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማይቱ እንዳይንቀሳቀሱ መወሰኑን አስታወቁ። ምክንያቱም በሞተር የሚፈጸም ዘረፋ ነው ተባለ።

ዘረፋው ውሸት ነው አልልም። ጎረቤቴ ከባንክ ስትወጣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ መንትፈውባት አስፋልት ላይ ወድቃ እጇ ተሰብሯል። ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ። የመነተፏት ልጆች የመጡት ግን ታርጋ በሌለው ሞተር ነው። እስቲ ልጠይቅ፤ ታርጋ ሳይኖረው፣ ቦሎ ሳይለጥፍ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይዝ የሚዘርፍ ሌባ “ፈቃድ ስለሌለኝ ዛሬ አልወጣም” ይላል ወይ? ሕግ የሚያከብረው ሰው ነው ሞተሩን ግቢ አስገብቶ የቆለፈው። ሌባው በመኪና ቢዘርፍ መኪና ሊታገድ ነው? በእግሩ ቢሮጥስ?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው! ሌባን መያዝ ፖሊስ ይፈልጋል፣ ምርመራ ይፈልጋል፣ ድካም አለው። ሞተርን ማገድ ግን አንድ መግለጫ ብቻ ይበቃዋል።

ሩቅ ሳንሄድ ኪጋሊን እንይ። የኪጋሊ ሞተረኞች ቁጥር ያለበት ሰደርያ ይለብሳሉ፣ ለተሳፋሪያቸውም ሄልሜት ይይዛሉ። አጥፊው በቁጥሩ ይለያል። እዚህ አዲስ አበባ ይኼ ምን ያቅታል? ሻንሲ ቁጥሬ ተመዝግቧል፣ ሞተር ቁጥሬ ተመዝግቧል፣ አድራሻዬ ከነቤት ቁጥሬ አላቸው። ከዚህ በላይ የታወቀ ሰው ከየት ይምጣላቸው?

ማመልከቻ ይዤ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠቅስም። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው በትሕትና “ወንድሜ፣ ድርጅት አለዎት?” አለኝ። የለኝም። “ታዲያ ሞተሩ ለምን አገልግሎት ነው?” ምን ልበለው? ለእሑድ ጠዋት? እንጦጦ ወጥቼ ለመመለስ? የአባቴን ድምፅ ለመስማት? ወረቀቱ ላይ ለዚህ የሚሆን ሣጥን የለም። “የግል” ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ዘቅዝቆ መለሰልኝ። ከዓመት በኋላ ደግሜ ሄድኩ፤ ሰውዬው ተቀይሯል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። ፈቃድ ያገኙ ድርጅቶች ሞተሮች ግን ምግብ ጭነው ሽው ይላሉ። ልጆቹ እንጀራቸው ነው፣ አልመቀኛቸውም። ግን ሸቀጥ የሚጭን ሞተር ሌባ የማይሆን፣ ባለቤቱን የሚጭን ሞተር ሌባ የሚሆንበትን ሒሳብ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

“ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው፣ ያንተዋ ትጨሳለች” የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፣ ትጨሳለች። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ይታወቃል። ግን እገዳው ሲመጣ ስለ ጭስ ማን አነሳ? ጭሱ ከሆነ ጉዳዩ ለክተው ይንገሩኝ፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ብቻ ንዳ ይበሉኝ፣ እሺ እላለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ያረጀ ነገር ሁሉ እንደ ነውር መታየቱ ነው። አሮጌ ቤት ይፍረስ፣ አሮጌ ሞተር ይቆለፍ፣ ጠግኖ ማኖር የድህነት ምልክት ነው፤ እንዲህ ነው የተያዘው። ጠጋኙ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከቶርኖ ቤት፣ ከበያጅ፣ ከጥቅል ሠራተኛ፣ ከወንበር ሰፊ ዘንድ ገንዘቡን ሲያፈስ ነበር። አንድም ዶላር ከባንክ አልጠየቀም።

አሁን ደግሞ የእኛም ሰፈር “ለልማት ይነሣል” የሚል ወሬ መጥቷል። ሲወራ ነው እንጂ ወረቀት አልደረሰንም። ከደረሰ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ ከደረሰኝ አንዲት ያማሃ በደረጃ ማን ያወጣልኛል? እናቴ “ሳሎን እናስገባታለን” ትላለች። ቀልዷን አይመስለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሸራዋን ገፍፌ አስነሣታለሁ፤ ፓራኦሊዮው እንዳይደርቅ፣ ካርቡራቶሩ እንዳይደፈን። አሥር ደቂቃ ካጓራች በኋላ አጠፋታለሁ። ባለፈው ሳምንት ቁራሌው ድምፁን ሰምቶ በሩን አንኳኳ። “ጋሼ፣ አሁንም አልሸጧትም?” አለኝ። ማመልከቻዬ ሦስተኛ ቅጂው ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ።